አርባ ስድስት ኪሎ

ሐሙስ ማታ፤ ሻርጃ፣ ሮላ፣ ሦስተኛው ፎቅ፣
ኤሲው ባልዲ ውስጥ ያንጠባጥባል፤ ጠብ፣ ጠብ፤ አያልቅ።
ሰኪና ቅዳሜ አገሯ ልትገባ ነው፤
ስትመጣ ያዘለችው ሕፃን ዛሬ ትከሻዋን የሚያክል ነው።

ምን እንስጣት? አልን፤ ተቀመጥን አራት ሆነን።
“ወርቅ” አለች ብርቅነሽ፤ ደመወዝ ሳይገባ፣ ሳቅን።
“ሽቶ” አለች ሐዋ። “ሽቶማ አላት አሥር ጠርሙስ፣
ማዳሟ የሰጠቻት፣ ግማሹ ያለቀ፣ ግማሹ የሚያስነጥስ።”

ዱቄት አለን። ዘይት አለን። በርበሬም ከአገር የመጣ፣
ከፌስታል ውስጥ ፌስታል፣ እንደ ምስጢር የሚወጣ።
መቀሱ የጨርቅ ነው፤ ሦስቴ አጠብነው በሳሙና፣
አራተኛውን በፈላ ውሃ። “ጨርቅ ጨርቅ ይላል ገና”
ትላለች ዘውድነሽ፣ አሽትታ እንደገና።

ሊጡን እንደ ጣት፣ እንደ ገመድ በመዳፍ አንከባለልን፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ በመቀስ ከረከምን።
የብርቅነሽ ድንቡሽቡሽ፣ የኔ እንደ ስንዴ ደቃቃ፣
የሐዋ ምኑም አይታወቅ፤ ወሬ ይዟት ቆርጣ አታበቃ።
“እጅ አይጠፋም” አለች ዘውድነሽ፤ “ስትበላው ታውቀናለች፣
ይቺ የማን እንደሆነች በጥርሷ ትለየናለች።”

የጭስ ደወሉ ጮኸ። ሐዋ ወንበር ላይ ወጣች፣
በፎጣ እያራገበች ጣራውን ሰደበች።
ጎረቤት ፊሊፒናዊቷ በር ደበደበች ተቆጥታ፤
አንድ እፍኝ ሰጠናት። ሄደች።
መጣች ሳህን ይዛ፣ ጥቂት ቆይታ።

ቆርቆሮው የዱቄት ወተት ነው፣ ላዩ ላይ አንዲት ላም፤
ልብስ ሰፊው ረፊቅ ቁርጥራጭ ሰጠን፣ ገንዘብ አልጠየቀም፤
የአባያ ጫፍ፣ የሙሽራ ሐር፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣
በሙጫ አለበስናት፤ ከእንግዲህ ላሟን አይበርዳትም።
ለክዳኑ ስሟን ጠለፍኩ በነጭ ክር፣ “ሰ”ንም “ኪ”ንም፣
“ና” ላይ ስደርስ ክሩ አለቀ። ቀይ ነበረኝ፤ አልተውኩትም።
ሐዋ አነበበችው ጮክ ብላ፤ ቀዩን ብቻ፣ “ና!”
“ለሴት ‘ነይ’ ነው እንጂ! ደግሞስ ለምትሄድ ሰው ምን ይሉታል ‘ና’?”

ዓርብ ማታ ሻንጣው በመንጠቆ ሚዛን ተሰቀለ፤
የሚፈቀደው አርባ ስድስት ኪሎ፤ ሚዛኑም አርባ ስድስት አለ።
ብርድ ልብስ ለእናቷ፣ የጁስ መፍጫ ለእህቷ፣ ጫማ ለስድስት የወንድም ልጅ፤
ማንን ትቀንስ? ሁሉም ይጠብቃል ከደጅ።
ቆርቆሮው ሁለት ኪሎ ከሩብ። ዝም አልን ሁላችን።
“ተዪው” ልላት ነበር፣ “እኛው እንበላዋለን፣ በየምሳችን።”

ሰኪና ጃኬቷን ከመስቀያው አወረደች፣
ለደሴ ብርድ ብላ የገዛችው፣ እዚህ አንድ ቀን ያልለበሰችው።
ኪሶቹን ከፈተች።
አፈሰችው፤ እፍኝ በእፍኝ፣ ኪስ በኪስ፣
በግራ፣ በቀኝ፣ በደረት፣ ገበሩን ተርትራ እስከ ወገቧ ድረስ።
ለበሰችው። ዞረች። ሿ አለ፣
ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዝናብ እንደጀመረ፣ ሿ፣ ሿ አለ።
ሳቅን፣ ሳቅን፤ በኋላ ብርቅነሽ ዞር አለች ወደ መስኮቱ።
ማንም ምነው አላላትም።

ቅዳሜ ከኤርፖርት ደወለች። “ፈታሹ አስቆመኝ” አለች፤
“‘ምንድነው የሚንሿሿው?’ ሲለኝ፣ ‘ስጦታ ነው፣ ቅመስ’ አልኩት” አለች፤
“አንዱን ነከሰ፤ ቀጭ! መንጋጋውን ያዘ፤ ፈራ፤
ሁለተኛውን ግን ራሱ ከኪሴ አወጣ፣ ሳይጠራ።
የብርቅነሽን ነው የወሰደው፤ ድንቡሽቡሿን።”

ቆርቆሮው እዚህ ቀረ፤ የለበሰችው ላም፣ ቀዩ “ና”።
ክርና ቁልፍ እናስቀምጥበታለን። ክዳኑ ሲከፈት
በርበሬ በርበሬ ይላል ገና።
የሐዋ ልደት በመጋቢት ነው፤ ቴምር በሰሊጥ አስበናል፤
መቀሱን ማን ይጠብ በሚለው ግን ካሁኑ ተጣልተናል።